በር የሚከፍቱ ሴቶች

መጀመሪያ የሰማሁት ድምፁን ነው። ባለፈው ሳምንት ልጄ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጣ ስልኳን እያየች፣ እኔ ብርድ ልብስ እያጣጠፍኩ፣ ያ የቆየ ፊልም ድምፅ ከስልኩ ወጣ። ታውቁት እንደሆነ፣ ከንግግሩ ሥር ዘይት ሲንጣጣ የሚመስል ነገር ይሰማል፤ ሰዎቹም ሁሉ ጉንፋን የያዛቸው ይመስላሉ። ቀና ሳልል ጥቁርና ነጭ እንደሆነ ገባኝ። የበር ደወል ተደወለ። የጫማ ኮቴ ተሰማ። ከዚያ አንዲት ጠና ያለች ሴት በእንግሊዝኛ «መጣሁ፣ መጣሁ» አለች። እጄ ብርድ ልብሱ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ማናት?» አልኳት ልጄን።

«የቷ?»

«በሩን የከፈተችው።»

«ኖባዲ ናት ማሚ። ሠራተኛዋ ናት» አለችና በጣቷ ገፍታ አሳለፈቻት።

የድሮ ጎረቤቴ እትዬ ይህን ብትሰማ ኖሮ ጆሮዋን ይዛ ታስነሳት ነበር። እኔ ግን ብርድ ልብሱን ማጣጠፍ ቀጠልኩ። ደንበኛ ገባ፤ «ሳውቦና ማማ» ብዬ ሰላም አልኳት፤ ዋጋ ተናገርኩ፤ ልቤ ግን እዚሁ ጆሃንስበርግ፣ ሮዘተንቪል ሰፈር፣ አንዲት የጓሮ ክፍል ውስጥ ገብቶ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ አልወጣ ብሎኛል፤ ለዚህ ነው የማወራችሁ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከሆሳዕና ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም። ቀን ቀን መሀል ከተማ፣ የአጎቴ ልጅ ሱቅ ውስጥ አንሶላና ብርድ ልብስ እሸጣለሁ፤ ማታ የምገባው ሮዘተንቪል፣ አንዲት ፖርቹጋላዊት መበለት ግቢ ነበር። ሴትዮዋ ከፊት ባለው ትልቁ ቤት ትኖር ነበር። ከኋላ በተርታ የተሠሩ ጠባብ ክፍሎች አሉ፤ አንዱ የእኔ፣ ከእኔ ቀጥሎ ያለው የእትዬ። ግድግዳው ስስ ስለነበር እሷ ስታስነጥስ እኔ «ይማርሽ» እላታለሁ። ዝናብ በሌለው በዚህ አገር ክረምት ነፋሱ ከአሮጌው የወርቅ ማዕድን ቁልል ቢጫ አቧራ እያመጣ የተሰጣ ልብሳችን ላይ ይበትነዋል። ከሰዓት በኋላ ግቢው የተጠበሰ ዓሣና የበረኪና ሽታ ነበረው። ዛሬም የበረኪና ጠርሙስ ስከፍት ያ የጓሮ ፀሐይ ፊቴ ላይ ይመጣል።

እትዬ የአዲስ አበባ ሰው ነበረች፤ ስልሳ ዓመት ሊሞላት የተቃረበች። የምትተዳደረው ለመጋረጃ ነጋዴዎች ጠርዝ እየሰፋች ነው። ከዚያ በፊት ግን ተዋናይ ነበረች፤ የእውነት ተዋናይ፣ ቲያትር ቤት ደሞዝ እየተከፈላት ዕድሜዋን የፈጀች። የእኛ ሰዎች ከኋላዋ «አርቲስቷ» ይሏታል፤ አክብሮት ይሁን ፌዝ በማይለይ ድምፅ። በምን ቲያትር ላይ እንዳያት የሚያስታውስ ግን አንድ ሰው አልገጠመኝም። «ፊትሽን አውቀዋለሁ፤ የት ነው የማውቅሽ?» ይሏታል። «ከመሪዋ ተዋናይት ኋላ» ብላ ትመልሳለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገና በሃያ አምስት ዓመቷ የእናት ገጸ ባሕርይ ሰጧት። ድምፅዋ ወፍራም፣ ትከሻዋ ሰፊ ነበር፤ አንዴ እናት ካደረጓት በኋላ ማን ይመልሳት። ከእሷ በዕድሜ የሚበልጡ ሰዎች እናት ሆነች። ከዚያ አክስት፣ ጎረቤት፣ ሞግዚት፣ ውኃ ይዛ የምትገባ ሴትዮ። «መድረክ ላይ ስንቱን ወለድኩት መሰለሽ፤ አንዱም ደህና ዋልሽ ወይ አይለኝ» ትል ነበር። የእውነት ልጅ አልነበራትም። እዚህ አገር ስትመጣ ደግሞ የሰፈሩ ልጆች «ጎጎ» ብለው ጠሯት፤ በዙሉ አያት ማለት ነው። «ይኸው ዕድገት አገኘሁ!» ብላ ሳቀች። አንቱ እንድላት ያልፈቀደችውም ለዚህ ይመስለኛል። መጀመሪያ ቀን «እርስዎ» ስላት፣ «ተይ እባክሽ፣ መድረክ ላይ ያረጀሁት ይበቃኛል፤ አንቺ በይኝ» አለችኝ።

በዓለም ላይ እሷን እንደ ልጅ የሚጠራት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እናቷ። አዲስ አበባ፣ ከእህቷ ልጅ ጋር ይኖሩ ነበር፤ በጣም አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ጆሯቸውም ደክሟል። ማታ ማታ ስትደውልላቸው ስለሚጮኹ ድምፃቸው በግድግዳው በኩል እኔ ጋ ይደርሳል። «ሚጣዬ! በልተሻል?» ይላሉ። እትዬም «በልቻለሁ እማ» ትላለች፤ በዚያ በወፍራሙ ድምፅዋ ሳይሆን ከየት እንደምታመጣው በማላውቀው በቀጭኑ። ያን ድምፅ ለሌላ ለማንም ስታወጣው ሰምቼ አላውቅም።

ዓይናቸው ሳይጠፋ በፊት እናቷ አንድም ቲያትሯ አምልጧቸው አያውቅም ነበር። ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ዓይናቸውን ከልጃቸው ላይ አያነሡም። መሪዎቹ መሀል መድረክ ላይ ሲፋቀሩ እሳቸው ዳር ላይ ማሰሮ ይዛ የቆመችውን ነው የሚያዩት። አንድ ቀን ቲያትሩ ላይ ባል ሆኖ የሚሠራው ተዋናይ እትዬን በጥፊ ሊመታት እጁን ሲያነሣ፣ እናቷ ከወንበራቸው ተነሥተው «ምን ያለ ባለጌ ነው! ተዋት!» ብለው ጮኹ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ተዋናዩ እጁን እንዳነሣ ቀረ፤ ያን ቀን ሳይመታት ቲያትሩ አለቀ። እትዬ ይህን በነገረችኝ ቁጥር እየሳቀች ትጀምርና መጨረሻው ላይ ዓይኗን ትጠርጋለች።

የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ እናቷ ሳይሞቱ መድረስ። ግን ወረቀቷ የጥገኝነት ወረቀት ነው፤ በዚያ ወረቀት ከአገር የወጣ ተመልሶ አይገባም። ወጥታ ከቀረች ደግሞ ለእናቷ መድኃኒት የሚገዛላቸው የለም። ስለዚህ ቋሚው ወረቀት እስኪመጣላት ትጠብቃለች። በየጊዜው በሌሊት ተነሥታ ሄዳ ትሰለፋለች፤ በየጊዜው ማኅተም መትተው ይመልሷታል። ከሰልፉ ስትመጣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን እያወለቀች፣ «እማ ትጠብቀኛለች፤ ቃል ገብታልኛለች» ትለኛለች። እኔም «አዎ፣ ይጠብቁሻል» እላታለሁ። ምን እላታለሁ ታዲያ?

ፊልሞቹ የፖርቹጋላዊቷ ነበሩ። ባሏ ሲሞት አንድ ካርቶን ሙሉ የቪዲዮ ካሴትና አንድ ያረጀ ዴክ ትቶ ነበር። ሴትዮዋ እሱን እያስታወሷት ማየት ስላልቻለች ለእትዬ ሰጠቻት። ሁሉም የጥንት የአሜሪካ ፊልሞች ናቸው። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ እሷ ከቅዳሴ እኔ ከቸርች ተመልሰን፣ መጋረጃውን ትዘጋለች፤ የሰው መጋረጃ ስትሰፋ የምትውለው ሴት የራሷ መጋረጃ ጠርዝ ተተርትሮ ነበር። ዴኩ ካሴቱን ሲውጥ ግርር ይላል። የሞቀ አቧራ ይሸታል። እኔ ባደግሁበት ቤት ፊልም ማየት ዓለማዊነት ነው። የመጀመሪያውን ፊልም ያየሁት ደፍ ላይ ቆሜ ነበር፤ አንድ እግሬ ውጭ ከሆነ ኃጢአቱ የሚቀል መስሎኝ። «ወይ ግቢ ወይ ውጪ፣ ብርድ አስገባሽ እኮ!» አለችኝ። ገባሁ።

እሷ እንደ ሌላው ሰው አይደለም የምታየው። መሀል ላይ «ቆይ!» ትላለች፤ ሪሞቱ የት እንደጠፋ አይታወቅምና ተንበርክካ ዴኩን በእጇ ታቆመዋለች። መሪዋ ተዋናይት፣ ያቺ ከንፈሯ የሚያበራው፣ አፏን ከፍታ ትቀራለች። «እሷን ተያት፤ መብራቱም ካሜራውም የእሷ ነው። ከኋላዋ ያለችውን እያት» ትለኛለች። አያለሁ፤ አንዲት ሹራብ የለበሰች ሴትዮ ሰሃን ይዛ ቆማለች። «ሰሃኑ ባዶ ነው፤ ግን ከባድ አድርጋ ነው የያዘችው። አየሽ?» ያኔ ነው የማየው።

እንግሊዝኛዬ ከሱቅ ስለማያልፍ ታስተረጉምልኛለች። የሁለቱን ቆንጆዎች ንግግር ግን ትዘለዋለች። «እነሱ ‹እወድሃለሁ፣ እወድሻለሁ› ነው የሚባባሉት፤ ሌላ አዲስ ነገር የለውም» ትላለች። የአከራይዋን፣ የአክስቲቱን፣ የነርሷን ቃል አንድ ሳታስቀር ትነግረኛለች፤ ካነሳቸውም ከራሷ ትጨምርላቸዋለች። እኔ እስከ ዛሬ የትኛው የፊልሙ፣ የትኛው የእሷ እንደነበር አላውቅም።

እየቆየ ፊታቸውን ለየን። በአንዱ ካሴት አከራይ የነበረችው በሌላው የዳኛ ሚስት፣ በሌላው ደግሞ መነኩሲት ሆና ትመጣለች። ስማቸውን አናውቅም። የካሴቱ ሽፋን ላይ የሁለቱ ቆንጆዎች ስም ብቻ ነው ያለው፤ የሌሎቹ ስም በስተመጨረሻ ሲያልፍ ደግሞ ዓይን አይደርስበትም። እኛው ስም አወጣንላቸው፤ ቁልፍ ወገቧ ላይ የምታንጠለጥለው «ባለ ቁልፏ»፣ ከንፈሯን የምትነክሰው «ኩርፍተኛዋ»። አዲስ ካሴት ከፍተን አንዷ ብቅ ስትል፣ «ይኸው መጣች!» ብለን እናጨበጭባለን፤ ኤርፖርት ዘመድ የተቀበልን ነው የሚመስለው።

እትዬ ከሁሉ አብልጣ የምትወዳት ግን ጥቁሯን ሴትዮ ነበር። ወፈር ያለች፣ ጸጉሯ የሸበተ፣ በየፊልሙ ነጭ ሽርጥ አሸርጣ በር የምትከፍት። ኮት ትቀበላለች፣ ኮፍያ ትቀበላለች፣ «እሺ ጌታዬ» ትላለች፣ ትወጣለች። ከዚህ በላይ አያናግሯትም። «ባለ ኮቷ» አልናት። እሷ ስትገባ እትዬ ወደ ፊት ዘንበል ትላለች። «ይቺ ሴትዮ ሁሉንም ታስከነዳቸዋለች። ኮቱን እንዴት እንደተቀበለችው አየሽ? ሰውየውን አትወደውም። አንድ ቃል ሳትናገር ነገረችን እኮ! ይቺን የመሰለች ተዋናይ ዕድሜ ልኳን በር ሲያስከፍቷት ኖሩ!» ከልቧ ትናደዳለች። የምትሳደባቸው ሰዎች ሁሉ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው።

ደጋግመን ያየነው አንድ ፊልም ነበር። ባለ ኮቷ በር ትከፍታለች፤ ቴሌግራም ይሰጧታል። የቤቱ እመቤት ባል ጦር ሜዳ ነው። እመቤቲቱ ፎቅ ላይ ቀሚስ እየለካች ታንጎራጉራለች። ባለ ኮቷ ወረቀቱን አትከፍተውም፤ ገብቷታል። ሽርጧ ኪስ ውስጥ ትከተውና ሻይ ትቀዳለች፤ ሻዩን ይዛ ደረጃውን ትወጣለች። ከዚያ ካሜራው ወደ ቆንጆዋ ይሄድና እዚያው ይቀራል። ለቅሶው ሁሉ የቆንጆዋ ነው።

«ማልቀሱንማ ማንም ያለቅሳል» አለችኝ እትዬ፣ ዴኩን አቁማ። «እሷን ደረጃው ላይ እያት። አውቃለች፤ ማወቋን ግን ማንም ማወቅ የለበትም። ሻዩ እንኳ አልፈሰሰም። ሥራ ማለት ይሄ ነው።»

ያ ሥራ እዚህም አገር አግኝቷት ነበር። በምን መሰላችሁ፤ በመርዶ።

እኛ ሞትን በስልክ አንናገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ሐዘንተኛውን ቤቱ አስቀምጦ ነው የሚነገረው። እዚህ ግን ሰዉ ሁሉ በየታውንሺፑ፣ ስፓዛ በሚባሉት ትንንሽ የሰፈር ሱቆች ፍርግርግ ጀርባ ተበትኗል፤ ሱቁን ዘግቶ መምጣት የሚችለው እሑድ ከሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ጆሃንስበርግ ላይ መርዶ እሑድን ይጠብቃል። እሑድ እስኪደርስ ደግሞ ስልክ አለ፣ ፌስቡክ አለ፤ አንዱ ችኩል «ነፍስ ይማር» ብሎ ይለጥፋል። እኔ ከመምጣቴ በፊት አንድ የአገራችን ልጅ፣ ደንበኛ ዳቦ እየጠየቀው፣ የእናቱን ሞት ከስልኩ ላይ አንብቦ ብቻውን ሱቁ ውስጥ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ነው የዕድራችን ዳኛ ወደ እትዬ የመጣው። እሷ ኦርቶዶክስ፣ ከሐዘንተኞቹ ብዙዎቹ ጴንጤ፤ ይህን ማንም አላነሣም። ሰው ቤት እንዴት እንደሚገባ የምታውቅ እሷ ነበረች።

ወጉንም ያስያዘችን እሷ ናት። ከዋዜማው ጀምሮ አንድ ሰው ሄዶ፣ «ስልኬ ሞቶብኝ ነው፤ ስልክህን አንድ ቀን አውሰኝ» ብሎ የሐዘንተኛውን ስልክ ይወስዳል። በልመና እንጂ በመንጠቅ አይደለም። ሴቶቹ ነጠላቸውን በፌስታል ይዘው ይገባሉ፤ ዘቅዝቀው ለብሰው ከመጡ ከበር ላይ ይታወቃል። ሁሉም ይቀመጣል፤ «የቆመ ሰው ያስፈራል» ትላለች። ከዚያ ዝም ነው፤ ሐዘንተኛው ራሱ «ምነው፣ በሰላም ነው?» እስኪል ድረስ። «ሳይጠይቅ ከነገራችሁት ወጋችሁት ማለት ነው። ከጠየቀ ግን እጁን ዘርግቶ እየተቀበላችሁ ነው» ትለን ነበር።

አንድ ጊዜ አብሬያት ሄጃለሁ፤ ጻካኔ በሚባል ታውንሺፕ ስፓዛ የሚሠራ የአገሬ ልጅ አባቱ ሞተውበት። ሱቁ የላምባና የዱቄት ሽታ ነበረው። እትዬ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ታክሲው መጨናነቅ ታወራለች። ልጁ ለአንዲት ሕፃን ከረሜላ ሸጦ ዞር አለና ሁላችንንም አየን። «ምነው፣ በሰላም ነው?» አለ። እትዬ እጁን ያዘች። ያለችውን አላስታውስም፤ በጣም ትንሽ ነው የተናገረችው። የማስታውሰው በአንድ እጇ ራሱን ትከሻዋ ላይ እንዳስደገፈች፣ በሌላው እጇ ከኋላዋ ያለውን የሱቁን መስኮት ስትዘጋ ነው። ውጭ ደንበኞቹ «ማይ ፍሬንድ! ማይ ፍሬንድ!» እያሉ ያንኳኳሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ የጻካኔው ልጅ እሑድ እሑድ ዳቦና እንቁላል ይዞላት ይመጣል፤ አንቱታውን ግን ብትለምነውም አልተወላትም።

እናቷ የሞቱት ዓርብ ቀን ነው። የእህቷ ልጅ ከአዲስ አበባ ለዕድሩ ዳኛ ደወለች። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ዳኛው የጻካኔውን ልጅ አስከትሎ የምሠራበት ሱቅ መጣ፤ የልጁ ዓይን ቀልቷል። ነገ ከሰዓት እንዲሆን ተስማማን። «ማን ይናገራል?» አልኩ። ሦስታችንም ተያየን። መርዶ የምትናገርልን እኮ እሷ ነበረች።

«እኔ እናገራለሁ» አለ በመጨረሻ የጻካኔው ልጅ። «ለእኔም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።»

ስልኩን መውሰድ የእኔ ድርሻ ሆነ፤ ጎረቤቷ እኔ ነኝ። ሌላ ዘዴ እንፈልግ ያለ ሰው አልነበረም። እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ሦስት ሙሉ ሰዎች ቆመን፣ ከእሷ የተማርነውን ይዘን ወደ እሷ ለመሄድ ተስማማን። የምናውቀው እሱን ብቻ ነበር።

ስደርስ እትዬ ደጃፏ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ትሰፋለች፤ ጭኗ ላይ አረንጓዴ መጋረጃ ተቆልሏል።

«እትዬ፣ ስልኬ ሞቶብኝ ነው» አልኳት። «ስልክሽን አንድ ቀን ታውሺኛለሽ?»

መርፌዋ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ፤ ብዙ አልቆየችም። ከዚያ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች፤ ስልኩን ከኪሷ አወጣች፤ መስተዋቱን በቀሚሷ ጠረገችና በሁለት እጇ ሰጠችኝ። «ቻርጀሩ አልጋው ላይ ነው፤ እሱንም ውሰጂ» አለች። አልነቃችም ብዬ ደስ አለኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ደስ አለኝ።

ፀሐይ ስትገባ ግድግዳውን አንኳኳችና «ነይ ፊልም እንይ» አለችኝ። ቅዳሜ ቀን አይተን አናውቅም ነበር። ያን የቴሌግራሙን ካሴት ከተተች፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ቦታ አላቆመችውም። አላስተረጎመችልኝም። ባለ ኮቷ ደረጃውን ወጣች፤ እትዬ ዝም። ለእናቷ የምትደውልበት ሰዓት መጣ፣ አለፈ፤ ስልኳን አልጠየቀችኝም። ይህ ሁሉ ዓይኔ ሥር ሲሆን አላየሁትም። ባለ ኮቷን ማየት ያን ያህል ተምሬ፣ አጠገቤ የተቀመጠችውን ሴት ማየት አቃተኝ።

እሑድ ከቸርች ስመለስ ጸጉሯን ታጥባ ፀሐይ ላይ ታደርቃለች። ለቅሶ የተቀመጠች ሴት ስንት ቀን ጸጉሯን እንደማትነካ የምታውቅ ሰው መሆኗን እንኳ አላሰብኩም። ክፍሏ ተጠርጎ፣ አልጋዋ ተጎትቶ ጥግ ይዟል። ወንበሮች በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል፤ የእሷ ሁለት ናቸው፣ ሌሎቹን ከፖርቹጋላዊቷ ተውሳለች። ሰዉ አንድ አንድ እያለ ሲገባ ዳኛው ወንበሮቹን አየና፣ «እንግዳ አለብሽ እንዴ ዛሬ?» አላት።

«እሑድ አይደል፤ ሰው አይጠፋም» አለች።

ሴቶቹ ፌስታላቸውን ወንበር ሥር ገፉ። እትዬ ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ እስኪደብቁ ጊዜ መስጠቷ ነበር። ተቀመጥን። ዝም አልን፤ ወጉ ይኸው ነዋ። ግን ዝምታው ረዘመ። ከፊት ያለው ቤት ሬዲዮ በፖርቹጋልኛ ይዘፍናል። የጻካኔው ልጅ ወለል ወለሉን ያያል። እሷ አልጠየቀችማ። ሳትጠይቅ ደግሞ መናገር አይቻልም። እሷ ራሷ ናት እንዲያ ያለችን።

እትዬ ሁላችንንም በተራ አየችን። አሁን ሳስበው ያዘነችልን ይመስለኛል። ተነሣች፤ ወንበሯን ይዛ ሄዳ ልጁ ፊት ተቀመጠች፤ እጁን ያዘችና ቀስ ብላ፣ «ምነው ልጄ፣ በሰላም ነው?» አለችው።

«እናትዎ…» አለ። ከዚያ በላይ አልወጣለትም፤ ጉልበቷ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እሷ ጀርባውን መታ መታ ታደርገው ጀመር። «አይዞህ፣ በቃ፣ ሰማሁህ፤ ጥሩ አድርገህ ነገርከኝ» ትለዋለች። ነጠላው ከየፌስታሉ ወጣ፤ ዋይታው ተነሣ። ሁላችንም አገር ቤት የሞተብን፣ ሄደን ያልቀበርነው ሰው ነበረን። «እናታችን፣ እናታችን» እያልን ተራ በተራ ትከሻዋ ላይ ወደቅን፤ እኔም ወደቅሁባት። የእሷ ዕንባ በጉንጯ ሲወርድ አይቻለሁ። ድምፅ ግን አልነበረውም፤ እጇም ከልጁ ጀርባ አልተነሣም።

የሚቆጨኝ ይህ ነው። ያን ቀን የእሷ ተራ ነበር። እናቷ የሞቱባት ልጅ እሷ ነበረች፤ መሀል መቀመጥ፣ መጮኽ፣ መታቀፍ የሚገባት እሷ። እኛ በራሷም ለቅሶ እናት አደረግናትና አጽናኝ ሆና ዋለች። ሚጣዬ የሚላት ሰው ከምድር ላይ ጠፍቶ ነበር፤ ያን ስም ደግሞ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አቅፌ ብጠራትስ ኖሮ? የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ስልሳ ዓመት የሚጠጋትን ሴት ሚጣዬ አትላትም፤ ነውር ነው። ነውሩን ፈርቼ ዝም አልኩ። አሁን እኔም ልጆቼ «ማሚ» ከሚሉኝ በቀር ሌላ ስም የሌለኝ ሴት ሆኛለሁ፤ ምን እንደነፈግኋት የገባኝ ዘግይቶ ነው።

በዓመቱ እትዬ ወረቀቷን መልሳ ወደ አገሯ ገባች። ከዚያ በኋላ ጥቂት ጊዜ ተደዋወልን፤ ከዚያ ቁጥሯ አልሠራ አለ። ባለፈው ሳምንት፣ ልጄ ከሱቅ ስትወጣ፣ ስሟን ኢንተርኔት ላይ ጽፌ ፈለግሁ። ብዙ የቆዩ ቲያትሮች ፎቶ አለ። በአንዱ ላይ ከመሪዋ ተዋናይት ትከሻ ኋላ ማሰሮ የያዘ አንድ እጅ ይታያል። እሷ ትሁን አትሁን ማወቅ አልቻልኩም።

ልትሄድ ስትል ዕቃዋን ያሰርኩላት እኔ ነበርኩ። ሻንጣው አልዘጋ ብሎ እሷ ከላይ ተቀምጣበት፣ እኔ ዚፑን እየሳብኩ፣ ዓመት ሙሉ ያፈንኩትን ጠየቅኋት።

«እትዬ፣ ስልክሽን የወሰድኩ ቀን አውቀሽ ነበር?»

ሳቀች። «የራሴን ቃል እኮ ነው መልሰሽ የነገርሽኝ። አንድ ቃል አላጎደልሽም፤ ጎበዝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ያን ሁሉ ሰዓት ብቻሽን…»

«ምን ላድርግ፤ ሰው እስኪሰበሰብ አይለቀስም። ደግሞም መጀመሪያ ላይ እርግጠኛ አልነበርኩም። አንቺ ስትሄጂ ፖርቹጋላዊቷ ቤት ገባሁና በእሷ ስልክ ደወልኩ።»

ዚፑን መሳቤን አቆምኩ። «ወደ ቤት?»

«ወደ ቤት። የእህቴ ልጅ አነሣች። ‹እማስ?› አልኳት። ‹ደህና ናት፣ ተኝታለች› አለችኝ። ከኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል፤ ወንበር ሲጎተት ይሰማል። ገና ልጅ ናት፤ እየዋሸችኝ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። አሳዘነችኝ።»

«ምን አልሻት?»

እትዬ ሻንጣው ላይ እንደተቀመጠች ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር።

«‹በይ እንግዲያው አትቀስቅሻት› አልኳት።»